ለሃምስተር የሚስማማው ቤት የትኛው ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ ናቸው፤ ይኸውም በቤት ውስጥ የሚያድግ ሃምስተር (አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ) ምን ዓይነት ማደሪያ ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ለአሥር ዓመት ልጄ የሶርያ ሃምስተር ገዛሁለት። ሻጩ አብሮ የሰጠን ቤት ከሽቦ የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ሲሆን መሰላል፣ ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቱቦዎችና ትንሽ መሮጫ ጎማ አለው። የታችኛው ወለል ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። እንስሳው ሌሊት ሌሊት በአንድ ጥግ ቆሞ ሽቦውን ሲነክስ ያድራል። ሻጩን ብጠይቀው «ጥርሱን እየሳለ ነው፤ አይስጉ» አለኝ። ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ በመሆኑ ጠብቦት ይሆናል ብዬ ለማሰብ ተቸግሬአለሁ። ምን ይመክሩኛል? (አንድ አባት)

መልስ፦ የሃምስተር የፊት ጥርሶች ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድጉ እንስሳው የሚያኝከው ነገር ማጣት የለበትም፤ የሻጩ መልስ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ጥርሱን መሞረድ ለፈለገ ሃምስተር ያልታከመ የእንጨት ቁራጭ፣ ደረቅ ቅርንጫፍ ወይም ካርቶን ይበቃዋል። እነዚህ አጠገቡ እያሉ ያንኑ ሽቦ፣ በዚያው ጥግ፣ በየሌሊቱ ለረጅም ጊዜ የሚነክስ ከሆነ ጉዳዩ ከጥርስ ያለፈ ነው። ሽቦ ጥርስን ሊሰብርና ሊያጣምም፣ አፍንጫን ሊያቆስልም ስለሚችል እንደ ጨዋታ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም።

ስለዚህ ባሕርይ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ሃምስተሮችን በአራት የተለያዩ ስፋቶች ውስጥ አኑረው ያነጻጸሩ ሲሆን፣ የትንሹ ቤት ወለል 1,650፣ የትልቁ ደግሞ 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ሽቦ መንከስ በአራቱም ቤቶች ታይቷል፤ ነገር ግን በጠባቦቹ የነበሩት በሰፋፊዎቹ ከነበሩት ይልቅ ደጋግመውና ረዘም ላለ ጊዜ ይነክሱ ነበር። የእርስዎ ቤት ወለል 40 በ30 ሲባዛ 1,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ይህም በጥናቱ ውስጥ ከነበረው እጅግ ጠባብ ቤት እንኳ ያነሰ ነው።

ፎቆቹ ስፋቱን አያካክሱም ወይ ለሚለው፣ ስለ ሃምስተር አኗኗር ትንሽ ማወቁ ይረዳል። የሶርያ ሃምስተር በተፈጥሮው የሜዳ እንስሳ ነው፤ ከምድር በታች ይቆፍራል፣ ከምድር በላይ ይሮጣል እንጂ ዛፍ ላይ አይወጣም። የማየት ችሎታው ደካማ በመሆኑ ከፍታን አይለይም፤ ከሦስተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቁልቁል እግሩን ሊያነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው ውድቀት እግርና የጀርባ አጥንት ሲሰብር ይታያል፤ የሽቦ ወለልና የሽቦ መሰላልም በተራው ጣትና እግር ይቆነጥጣል። በአንድ ወለል ላይ ያለ ማቋረጥ የሚሮጥበትን ርቀት የሚሰጠው ርዝመት ስለሆነ፣ ሦስት ጠባብ ክፍሎች በመደራረባቸው አንድ ሰፊ ክፍል አይሆኑም።

በጀርመን በእንስሳት ደኅንነት ላይ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ለሃምስተር ቢያንስ 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ወርድና 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቤት ይመክራል። እኛም ይህን መነሻ እናደርገዋለን፤ መድረሻ ግን አናደርገውም። በተለይ ሴቷ የሶርያ ሃምስተር ከወንዱ ገዘፍ ስለምትልና ብዙ ጊዜም እረፍት ስለማይኖራት፣ ቦታ ካለ 120 በ60 የሆነ ወለል ቢሰጣት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ስፋት የበዛበት ሃምስተር የለም፤ በሰፊ ቤት ውስጥ ይፈራል የሚባለው መደበቂያ በሌለበት ባዶ ቤት ላይ እንጂ በስፋቱ ላይ የሚነሣ ነገር አይደለም።

አዲስ ቤት ሊገዙ ሲሄዱ ሜትር ይዘው ይሂዱ። በማሸጊያው ላይ «ለሃምስተር» ተብሎ መጻፉና የሚያምር ሥዕል መታተሙ ስለ ስፋቱ የሚነግርዎት ነገር የለም። የሚለካውም የውጭው ጠርዝ ሳይሆን የውስጠኛው ወለል ነው፤ ብዙዎቹ የፕላስቲክ ትሪዎች ወደ ታች እየጠበቡ ስለሚሄዱ ከላይ 100 የሆነው ከታች 90 ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ በሩን ይመልከቱ። ለሶርያ ሃምስተር የሚሆነው መሮጫ ጎማ 28 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ዲያሜትር ያለው ስለሆነ፣ በሩ ከጠበበ ጎማውን ማስገባት አይቻልም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቤቱ ከተገዛ በኋላ ነው። የፊት ለፊት በር ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ሃምስተር በተፈጥሮ ከሰማይ የሚወርድ አዳኝ ወፍ ስለሚፈራ ከላይ የሚመጣ እጅ ያስደነግጠዋል።

ስለ ቱቦዎቹ እናንሣ፦ ባለ ቀለሞቹ የፕላስቲክ ቱቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ለሶርያ ሃምስተር ጠባብ ናቸው። ጉንጩን በእህል ሞልቶ የሚጓዝ ትልቅ ሃምስተር ከ7 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዲያሜትር ባለው መተላለፊያ ውስጥ ሊጨናነቅ ይችላል፤ አየርም እንደ ልብ ስለማይዘዋወር ሽንትና እርጥበት በውስጡ ይጠራቀማል። ያለ እነርሱ ምንም አይጎድልበትም።

አሁን ያለውን ቤት አይጣሉት፤ ወደ ሐኪም ለመውሰድ ወይም ትልቁ ቤት ሲጸዳ ለአጭር ጊዜ ለማቆያ ይጠቅማል። አዲሱ እስኪዘጋጅ ድረስ ግን ላይኛዎቹን ፎቆች አውጥተው በታችኛው ወለል ላይ የቻለውን ያህል ጉዝጓዝ ይሙሉለት፤ መሰላሉንም ያንሡ።

ጥያቄ፦ ሃምስተሩን ከማምጣቴ በፊት ቤቱን ማዘጋጀት እፈልጋለሁ። ቀድሞ ዓሣ አረባበት የነበረ 100 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት አለኝ። ሙያውም ስላለኝ ከእንጨት ወይም ከትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን መሥራት አያቅተኝም። ከመስታወት፣ ከፕላስቲክ፣ ከእንጨትና ከሽቦ የትኛው ይሻላል? (በእጅ ሥራ የሚተዳደር)

መልስ፦ ከአራቱም ጥሩ ቤት ይሠራል፤ ከአራቱም መጥፎ ቤት ሲሠራም አይተናል። በእጅዎ ስላለው መስታወት በመጀመሪያ እንናገር። ወለሉ 4,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከላይ ከጠቀስነው መነሻ በ1,000 ያንሳል። ብቻውን ለሶርያ ሃምስተር አንመክረውም፤ ከሌላ ሣጥን ጋር በሰፊና በአጭር መተላለፊያ ቢያያዝ ግን ያገለግላል። የመስታወት ትልቁ ጥቅሙ ጥልቅ ጉዝጓዝ መያዙ፣ ነፋስ መከልከሉና እንስሳው ከምድር በታች የቆፈረውን መንገድ በጎኑ በኩል ማሳየቱ ነው። ጉድለቱ አየር የሚገባው ከላይ ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቁመቱ ከወርዱ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ክዳኑም በምንም ዓይነት መስታወት ወይም ጣውላ ሳይሆን የወንፊት ሽቦ መሆን አለበት። ውኃ የሚያፈስ አሮጌ መስታወት ለዚህ ሥራ ምንም አይልም፤ የተሰነጠቀና ስለታም ጠርዝ ያለው ግን አይሆንም። ክብደቱንም አይርሱ፤ ጉዝጓዝ ከተሞላ በኋላ ከቦታው ማንሣት ስለሚያስቸግር አስቀድመው ቦታውን ይወስኑ።

እዚህ ላይ ለመጀመሪያው ጠያቂያችንም የሚሆን ነገር አለ። ሽቦ የሚነክስ ሃምስተር ወደ መስታወት ቤት ሲዛወር መንከሱ ይቆማል፤ የሚነከስ ሽቦ የለማ። መስታወቱም ጠባብ ከሆነ ግን ጥግ ጥጉን ሲቧጥጥ፣ ወይም በአንድ መስመር ሲመላለስ ይታያል። ምልክቱ መልኩን ለወጠ እንጂ ምክንያቱ አልተነካም።

የፕላስቲክ ሣጥን በወጪም በክብደትም ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው በቂ ወለል ያለው ሣጥን ማግኘት ነው፤ ልብስ ማስቀመጫ ተብለው ከሚሸጡት ትልልቆቹ እንኳ ብዙዎቹ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይዘሉም። የሚበቃ ካገኙ፣ ክዳኑ ላይ ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተዉ አራት ማዕዘን መስኮት ያስምሩ፤ በአራቱ ማዕዘኖች ቀዳዳ ከበሱ በኋላ በቀጭን መጋዝ ይቁረጡና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። ወንፊቱን ከመስኮቱ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡት፤ የሽቦው ጫፎች ስለሚወጉ ወደ ኋላ አጥፈው በብሎንና በሰፋፊ ዋሸር ያጥብቁት። የላስቲክ መስኮት ወንፊት፣ ማለትም ለትንኝ መከላከያ የሚሆነው፣ በአንድ ሌሊት ስለሚበጣጠስ አይጠቀሙበት። በአንደኛው ጎንም ከጉዝጓዙ ከፍ ብሎ ሁለተኛ መስኮት ቢከፍቱ አየሩ ከታች ወደ ላይ ይዘዋወራል። ሣጥኑ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ የሚነከስ ጠርዝ ከሌለው ሃምስተሩ ሊበሳው አይችልም፤ አንድ ጎበጥ ያለ መስመር ካገኘ ግን ከዚያ ይጀምራል።

ሙያው እያለዎት ግን እኛ የምንመርጥልዎት እንጨቱን ነው፤ የሚፈልጉትን ርዝመት፣ የሚፈልጉትን የጉዝጓዝ ጥልቀትና የፊት ለፊት በር በአንድ ላይ የሚሰጥ ሌላ የለም። የጎኑን ግድግዳዎች ከጣውላ ወይም ከኮምፔንሳቶ ሠርተው ፊቱን ተንሸራታች መስታወት ቢያደርጉት፣ ከመስታወቱ በታች ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቋሚ ግድግዳ ቢተዉ፣ በሩ ሲከፈት ጉዝጓዙ አይፈስም። የእንጨት ጠላቱ ሽንት ነው። ወለሉና የግድግዳው ታችኛ ክፍል ውኃ በማያስገባ፣ ለሕፃናት መጫወቻ በሚፈቀድ ቫርኒሽ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት፤ ከዚያም ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ እንስሳው ሳይገባበት ክፍት ሆኖ ይቆይ። ወደ ውስጥ ያፈጠጠ ጠርዝ እንዳይኖርም በየመጋጠሚያው በጣትዎ እየዳሰሱ ያረጋግጡ።

የሽቦ ቤት አየሩ ጥሩ ነው፤ ግን የታችኛው ትሪ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ ጥልቅ ጉዝጓዝ አይይዝም። ሰፊ የሽቦ ቤት ያላቸው ሰዎች በውስጡ ዙሪያውን ግልጽ የፕላስቲክ ሰሌዳ አቁመው ይህን ችግር መፍታት ይችላሉ። ቀለሙ የሚላላጥ ሽቦ ግን ይቅርብዎት።

ጥያቄ፦ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ለሃምስተሬ ሁለት ጣት የሚያህል ሰጋቱራ እዘረጋለታለሁ። እማማ ሽታው አስቸግሯታል፤ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ሁሉንም አውጥቼ ቤቱን በሳሙና አጥባለሁ። ግን ሽታው ወዲያው ይመለሳል። ጉዝጓዙ ምን ያህል መሆን አለበት? ምን ዓይነትስ? (የሃምስተር ወዳጅ)

መልስ፦ ጥያቄሽ በዚህ አምድ ላይ ካሉት ሁሉ ዋነኛው ነው ብንል አላጋነንም፤ ብዙ አዋቂዎች ስለ ቤቱ መጠን ሲጨነቁ በውስጡ ስለሚገባው ጉዝጓዝ አያስቡም። ዛሬ በየቤቱ ያሉት የሶርያ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወለዱት እ.ኤ.አ. በ1930 እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ በሶርያ ከአሌፖ አጠገብ ከአንድ ጉድጓድ ካስወጣት እናትና ከግልገሎቿ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰው እጅ እየተዋለዱ ቢኖሩም የመቆፈር ፍላጎታቸው አልቀነሰም። በሰሜን ሶርያ የዱር ሃምስተሮችን ጉድጓድ የለኩ ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንደጻፉት፣ ጥልቀቱ ከ36 እስከ 106 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አማካዩ 65 ሴንቲ ሜትር ነበር። ሁለት ጣት ሰጋቱራ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሚያንስ አንቺው ፍረጂ።

ከላይ በጠቀስነው በበርን የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ይህ ጥናት ሃምስተሮችን በ10፣ በ40 እና በ80 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ላይ አኑሮ ባሕርያቸውን አስተያይቷል። 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ ሽቦ ሲነክሱና መሮጫ ጎማ ላይ ሲሮጡ የተገኙ ሲሆን፣ 80 ሴንቲ ሜትር የተሰጣቸው ግን አንዳቸውም ሽቦ ሲነክሱ አልታዩም። በቤት ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ቢያንስ በቤቱ ግማሽ በኩል ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አድርጊለት፤ በሌላው ግማሽ ዝቅ እያለ ቢሄድ ምንም አይደለም።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ ሰጋቱራ ብናኙ ስለሚበዛ ሳንባና ዓይን ያስቸግራል፤ ጉድጓድም አይይዝም። ከብናኝ የጸዳ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ከወረቀት የሚዘጋጅ ጉዝጓዝ ተጠቀሚ። እንደ ጥድና ፓይን ያሉ ሙጫማ፣ ሽታቸውም ኃይለኛ የሆኑ እንጨቶች በጥሬው የመተንፈሻ አካልን ስለሚጎዱ ተያቸው። አንድ እፍኝ ፍቅፋቂ፣ በላዩ ስስ ድርቆሽ፣ እንደገና ፍቅፋቂ እያደረግሽ፣ እያንዳንዱን ንጣፍ በመዳፍሽ ጫን ጫን አድርጊው። ሳይጫን የተከመረ ጉዝጓዝ ሃምስተሩ ሲቆፍረው ወዲያው ይደረመሳል፤ የተጫነው ግን የመንገዱን ቅርጽ ይዞ ለሳምንታት ይቆያል። ለመኝታው ሽታ የሌለው የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ቀድደሽ ብትሰጪው በጉንጩ አጭቆ ራሱ ይወስደዋል። «ለስላሳ መኝታ» ተብሎ የሚሸጠውን እንደ ጥጥ ያለ ነገር ግን አትግዢ፤ ክሩ እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም ያስቆማል፣ ከተዋጠም አንጀት ይዘጋል። ከባድ ነገር፣ ለምሳሌ የሸክላ ሳህን ወይም የእንጨት ቤት፣ በጉዝጓዙ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ሃምስተሩ ሥሩን ሲቆፍር ሊወርድበት ስለሚችል፣ እግሩ እስከ ቤቱ ወለል በሚደርስ ትንሽ መድረክ ላይ አድርጊው።

የሽታው ጉዳይ የእማማ ስጋት ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ከማጠብ ይልቅ አለማጠብ ላይ ነው። ሃምስተር ቤቱን የሚያውቀው በራሱ ሽታ ነው። ሁሉም ነገር በሳሙና ታጥቦ ሲጠፋበት ይደናገጥና ምልክቱን እንደገና ለማኖር ይጣደፋል፤ ስስ ጉዝጓዝ ደግሞ ሽንትን ስለማይመጥ አሞኒያው ወዲያው ይወጣል። ሃምስተር ብዙውን ጊዜ የሚሸናው በአንድ በተወሰነ ጥግ ስለሆነ ያንን እርጥብ ክፍል ብቻ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አንሺ፤ ደረቁን አትንኪው። ዝቅ ያለ ሰፊ ሳህን ውስጥ ንጹሕ አሸዋ ብታደርጊለት ፀጉሩን ይታጠብበታል፤ ብዙዎቹም በዚያው ስለሚሸኑ በወንፊት አጣርቶ ማጽዳት ቀላል ይሆናል። እንደ ዱቄት የደቀቀው ግን ሳንባ ስለሚጎዳ አሸዋ መሆኑን አረጋግጪ። ጉዝጓዙ ሲያረጅ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትቀይሪ፤ የደበቀውን እህልም ካልሻገተ ተይለት። እማማን ለአንድ ወር ያህል በዚህ መንገድ እንድትታገሥሽ ለምኛት፤ ልዩነቱን ራሷ ትነግርሻለች ብለን እናስባለን።

ጥያቄ፦ ሁለት ወንድማማች የሶርያ ሃምስተሮች አሉኝ። በጣም ሰፊ ቤት ብሠራላቸው አብረው ይኖራሉ? (ሁለት ላለማራራቅ የፈለገች)

መልስ፦ አይኖሩም። የሶርያ ሃምስተር ብቸኛ እንስሳ ነው፤ ከላይ በጠቀስነው የዱር ጥናት ሃምስተር ከተገኘባቸው ጉድጓዶች በአንዱም ውስጥ ከአንድ አዋቂ ሃምስተር በላይ አልተገኘም። ወንድማማቾቹ ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው መጣላት ይጀምራሉ፤ ጠቡም እስከ ሞት ይደርሳል። ቤቱ መስፋቱ ጠቡን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስቀረውም፤ አንዱን ቤት በሽቦ መሃሉን ከፍሎ ማኖርም ሌት ተቀን የጠላታቸውን ሽታ እንዲሸቱ ያደርጋል። ሁለት የተለያዩ ቤቶች፣ ቢቻል በተለያዩ ክፍሎች ያዘጋጁ። ድንክ ሃምስተሮች አልፎ አልፎ ተስማምተው ይኖራሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ድንገት ሊጣሉ ስለሚችሉ ሁለተኛ ቤት ዝግጁ ሆኖ ካልተቀመጠ ባይሞከር ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሮቦሮቭስኪ ዝርያ የሆነው ድንክ ሃምስተሬ በሩ ተዘግቶ እያለ ሁለት ጊዜ አመለጠ። በየት ነው የሚወጣው? (ግራ የገባው)

መልስ፦ በሽቦዎቹ መካከል መሆኑ አይቀርም። ሮቦሮቭስኪ ከሁሉም ሃምስተሮች ትንሹ ነው፤ ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 20 እና 25 ግራም ቢሆን ነው። ሃምስተር የራስ ቅሉ ካለፈ ሰውነቱ ይከተላል። ክፍተቱን በማስመሪያ ይለኩ፤ ለድንኮች ከ7 ሚሊ ሜትር፣ ለአዋቂ የሶርያ ሃምስተር ከ10 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ክፍተቱ ልክ ከሆነ የውኃ ጡጦው የሚገባበትን ቀዳዳና ክዳኑ ከትሪው ጋር የሚገጥምበትን መስመር ይመርምሩ፤ ጥግ ላይ በጥርስ የተቦረቦረ ምልክት ካለ መንገዱ ያ ነው። ለእንዲህ ያለ ትንሽ እንስሳ ሽቦውን ትቶ ወደ መስታወት ወይም ወደ ፕላስቲክ ማዛወር ከሁሉ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቱን በልጆቼ መኝታ ክፍል ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው ያስቀመጥነው። ጎማው ሌሊት እየጮኸ ልጆቹን ስለሚቀሰቅስ ማታ ማታ እናወጣዋለን። ጥፋት ነው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ ጎማውን ማውጣቱ አይመከርም። ሃምስተር የሚነቃው ሲመሽ ነው፤ ልጆችዎ ሲተኙ የእርሱ ቀን ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት መሮጫውን መንፈግ ከሚያስፈልገው ነገር ትልቁን መንፈግ ነው። የሚጮህ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ትንሽ ነው፣ ወይ ዘንጉ ደርቋል፣ ወይም ከግድግዳው ጋር ይላተማል። በዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ያድርጉ፤ ጎማውንም ከሽቦው ነቅለው በራሱ እግር እንዲቆም ያድርጉ። መሮጫው ወለል ያለ ክፍተት የተደፈነ ይሁን፤ የመሰላል ርብራብ የሚመስለው እግር ይሰብራል። ሃምስተሩ ሲሮጥ ጀርባው ወደ ኋላ ከተቀነፈ ጎማው አንሶታል፤ ለድንኮች 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ የሶርያውን መጠን ቀደም ብለን ጠቅሰናል።

ቦታውን ግን ይቀይሩ። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር የሰው ጆሮ የማይሰማቸው፣ ሃምስተር ግን የሚሰማቸው ቀጫጭን ድምፆች ሊያወጡ ይችላሉ፤ ቀን ተኝቶ በሚውልበት ሰዓትም የልጆች ጫጫታ እረፍት ይነሣዋል። ሳሎን ውስጥ ሰው የማያዘወትረው ጥግ፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ ቢቀመጥ መልካም ነው። በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው የመስታወት ቤት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል የሚችል ሙቀት ይይዛል፤ በጣም በቀዘቀዘና ብርሃን ባነሰበት ቦታ ደግሞ ሃምስተሩ ሰውነቱ ቀዝቅዞ የሞተ እስኪመስል ድረስ በከባድ እንቅልፍ ሊወድቅ ይችላል። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። እንስሳውን ከማዛወርዎ በፊት በአዲሱ ቦታ ቴርሞሜትር አስቀምጠው በማለዳ፣ በቀትርና በሌሊት ያንብቡት፤ በቀትር ከ26 ዲግሪ ካለፈ ሌላ ጥግ ይፈልጉ።